የራሴ ፎልደር ለምን ከለከለኝ?

ጥያቄ፦ የድሮ ኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሰክቼ የፎቶ ፎልደሬን ስከፍት «አክሰስ ዲናይድ» ይለኛል። የተጠቃሚ ስሜ ያው የድሮው ነው። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ፎርማት ካደረጉት ፎቶዎቹም አብረው ይሄዳሉ። ዊንዶውስ ሰውን የሚለየው በስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ አካውንት በሚሰጠው ረጅም መለያ ቁጥር ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ሌላ ቁጥር ስለሰጠዎት፣ ለፎልደሩ እርስዎ እንግዳ ነዎት።

ፎልደሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ ይግቡ። «ኦውነር» ከሚለው ጎን «ቼንጅ»ን ተጭነው የአካውንት ስምዎን ይጻፉ። ለውስጥ ፎልደሮችም እንዲሠራ ከሥሩ ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት፤ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው። አሁንም እምቢ ካለ፣ እዚያው ሴኩሪቲ ውስጥ ለራስዎ «ፉል ኮንትሮል» ይስጡ። ይህን ግን የዊንዶውስ ፎልደር ላይ እንዳይሞክሩት። ፋይሎቹ በዊንዶውስ ተመስጥረው ከነበረ ደግሞ ባለቤትነት ብቻ አይከፍታቸውም፤ የድሮው ቁልፍ ያስፈልጋል።