«ፎርማት ባስደረግን በሳምንቱ ተመለሰ»

ጥያቄ፦ ልጆቼ የሚያጠኑበት ላፕቶፕ ከቶጎ ውጫሌ የመጣ ያገለገለ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ትልቁ ልጄ የቤት ሥራውን ለማሳተም ፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። ሁለቴ ፎርማት አስደረግን፤ በሳምንቱ ተመለሰ። አንቲቫይረስ ልግዛ?
ም.፣ ከጅግጅጋ

መልስ፦ ወይዘሮ ም.፣ ገንዘብዎን ይያዙት። ፎርማት የተደረገው ላፕቶፑ ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ፍላሹ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከፎርማት በኋላ መጀመሪያ የተሰካውም ያው ፍላሽ ሳይሆን አይቀርም።

የልጅዎ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያኖራል። ሾርትከቱ ሲነካ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል፤ ሰው የማይጠረጥረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍላሹን ይንቀሉና መጀመሪያ ላፕቶፑን ያጽዱ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ይበቃል፤ ኮምፒውተሩን አስነስቶ የሚፈትሸውን «ኦፍላይን ስካን» ያስጀምሩ። ከዚያ ፍላሹን ሰክተው ምንም ሳይከፍቱ በዲፌንደር ያስፈትሹት። በፎልደር ኦፕሽንስ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት ያንሱ፣ አለዚያ አይታዩም። ሰነዶቹን ብቻ ገልብጠው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። ዘፈን የሚጫንበት የስልክ ሚሞሪም ከዚህ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን እጠረጥራለሁ። ፎርማት ያደረገልዎ ልጅ ዊንዶውሱን በክራክ ከፍቶት ከሆነ ዲፌንደሩን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ክራክ ብዙ ጊዜ ይህን ይጠይቃል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ገብተው «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን ይዩ። «ኤክስክሉዥንስ» የሚለው ሥር እንዳይፈተሽ የተከለለ ፎልደር ካለም ያውጡት።

አፕዴቱንም ይዩ፤ በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀም ሰው ዳታ እንዳያልቅበት ይዘጋዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ሁለት ወር ቀድሞ ደፍኖት ነበር፤ የተጠቁት ያላደሱት ናቸው። የወሩ ዋና አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሌሊት ጥቅል ገዝተው ቢያወርዱ ይቀልልዎታል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የሚችል ከሆነ ያሻሽሉት፤ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ጊዜ ይችላል።

ፎቶ ኮፒ ቤቱን መቅጣት አይቻልም፤ ስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካበት ያውቁታል። ልጅዎ ሰነዱን በፒዲኤፍ አድርጎ ለሱቁ በቴሌግራም ይላክላቸው፤ ፍላሽ ቤት ይቅር። በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ግን የራሱን ቴሌግራም እንዳይከፍት ይንገሩት።