ከመሰረዝ በፊት መወያየት



እኛ የሳንጃ ወጣቶች ባለፈው ሰሞን ተሰብስበን ስለ ከተማችን አንድ ገጽ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሥተን ነበር። ጽሑፉ የታሰበው ውክፔዲያ ለተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ሁለት አንቀጽ እንኳ ሳንጨርስ ተጣላን። አንዱ ወንድማችን የከተማችን ስም ከምን እንደ መጣ አያቱ የነገሩትን ጻፈ። ሌላው «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ ሰረዘው። የፊተኛው መልሶ ጻፈው፤ የኋለኛውም መልሶ ሰረዘው። በዚያ ምሽት ሳንሰነባበት ተለያየን። በዛሬው ትምህርታችን እንዲህ ያለውን ጠብ ለማብረድ የተሠራውን ሥርዓት እንመለከታለን።

ለመሆኑ ውክፔዲያ ምንድን ነው?

ውክፔዲያ ማንም የሚያነበው፣ ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ ሰዎች በአሜሪካ አገር ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) ጀመሩት። የአማርኛው ክፍል ከ15,000 የሚበልጡ ጽሑፎች አሉት። ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ታዲያ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ሲጽፉ አለመግባባት እንዴት አይነሣ?

ሥርዓቱስ እንዴት ያለ ነው?

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ገጽ የለውጥ ታሪክ ይጠበቃል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ይታያል፤ የተሰረዘውም ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መሰረዝ ድል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጀርባ «ውይይት» የሚባል ገጽ አለ። ያልተስማማ ሰው ምክንያቱን እዚያ ይጽፋል፤ ሌላውም ይመልስለታል። በእንግሊዝኛው ክፍል አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ ቢሽር ከመጻፍ ሊታገድ ይችላል። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ አይድንም።

ሦስተኛ፣ የተጻፈው ነገር ምስክር ይፈለግለታል። ይኸውም የታመነ መጽሐፍ ወይም ሌላ የታተመ ጽሑፍ ነው። «እኔ አውቃለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም።

አራተኛ፣ ሊቃውንት በአንድ ነገር ላይ ቢለያዩ ጽሑፉ የእያንዳንዱን ሐሳብ እንደ ምስክሩ ክብደት ያቀርባል እንጂ ለአንዱ አያደላም።

ሁለቱ ሰዎች መስማማት ቢያቅታቸው ሦስተኛ ሰው ይጠራሉ፤ ያም ካልሆነ ጉዳዩን ለብዙዎች ያቀርባሉ። በእንግሊዝኛው ክፍል በመጨረሻ በጸሐፊዎቹ የተመረጠ የዳኞች ጉባኤ አለ። ይህ ጉባኤ ግን የሚፈርደው በሰዎቹ ጠባይ ላይ ነው እንጂ የትኛው ታሪክ እውነት ነው በሚለው ላይ አይደለም።

ምሳሌ እንመልከት

አንዱ «ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ነው» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «በ1636 ነው» ቢል ማን ተሳሳተ? ሁለቱም አልተሳሳቱም። የፊተኛው በእኛ፣ የኋለኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቆጥሯል። ቢሰራረዙ ዘመን ሁሉ ይጣሉ ነበር፤ ቢጠያየቁ ግን በአንድ ቃል ይታረቁ ነበር።

ጠቡ እንዲህ ቀላል የማይሆንበትም ጊዜ አለ። በፖላንድ አገር ያለች አንዲት የወደብ ከተማ በፖላንድኛ ግዳንስክ፣ በጀርመንኛ ዳንዚግ ትባላለች። ጸሐፊዎቹ ስለ ስሟ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፅ ሰጡ። ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲጻፍ ዳንዚግ፣ ስለ ሌላው ዘመን ሲጻፍ ግዳንስክ እንድትባል ተወሰነ።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ከተነሣ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፉት ገጾች የክርክር ሜዳ ሆኑ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝኛው የዳኞች ጉባኤ የአፍሪካ ቀንድን የሚመለከቱ ጽሑፎችን ከበድ ባለ ቁጥጥር ሥር አደረገ። እኛ የአርማጭሆ ልጆች ለነገሩ ቅርብ ነን። ቅርብ የሆነ ሰው ብዙ ያያል፤ ነገር ግን ወገንም ይሆናል። ስለዚህ ብዕራችንን ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባናል።

ይህ ሥርዓት ለጎንደር እንግዳ ነውን?

አይደለም። የጎንደር ሊቃውንት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ሲያስተምሩ አንዱን ፍች ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖችም ነበሩ፤ የታች ቤቱ በ18ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይነሣል። «አንድም» ያለ መምህር የፊተኛውን ፍች አልፋቀም፤ ሌላውን አጠገቡ አቆመ እንጂ።

የእኛ ጠብ በምን አለቀ?

በሳምንቱ ተገናኝተን «ምስክርህ ማን ነው?» ተባባልን። አያቱ የነገሩትን የሚናገር የታተመ ጽሑፍ አላገኘንም፤ «ሐሰት ነው» ያለውም ማስረጃ አልነበረውም። ስለዚህ ነገሩን ከገጹ አወጣነው። ወንድማችን አዘነ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አዘንን። የአገራችን ታሪክ አብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ነው፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ያልፋሉ። ሰራዡ ወንድማችን ግን በማግሥቱ አንድ ደብተር ገዝቶ መጣ። «አያትህ ዘንድ አብረን እንሂድ፤ የነገሩንን ከነቀኑ እንጻፍ፤ አንድ ቀን የሚያጠናውና የሚያሳትመው ሰው ይገኛል» አለው። አሁን ደብተሩ ግማሽ ደርሷል።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ የሌላውን ቃል ከመሰረዛችን በፊት እንጠይቀው። ምናልባት የሚጎድለው እውነት ሳይሆን ምስክር ብቻ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ የምትሰሙት፣ ግን በመጽሐፍ ያላገኛችሁት ታሪክ የትኛው ነው? ማንስ ይጻፈው?
2. ሐሳቡ ትክክል የሆነ ሰው በጠባዩ ሊቀጣ ይገባልን?