ደሴት ላይ ቤት ለመግዛት ላሰበች የእህቴ ልጅ

ከጅዳ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል፤ ደጋግሜም አዳምጬዋለሁ። ዓመታት በሰው ቤት ደክመሽ ስታበቂ፣ የመኪና ጡሩንባ የማይሰማበት፣ ውኃ የከበበው ቦታ ላይ የራስሽ ቤት እንዲኖርሽ መመኘትሽ ተገቢ ነው። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ «ቤት ከነግቢው» የሚሸጥ ሰው በደላላ በኩል አግኝተሽ ቀብድ ልትልኪ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበርሁ፤ በእጄ ካለፈው መዝገብ የሚበዛው የመሬትና የቤት ክርክር ነው። እዚህ ዋግ፣ አምደወርቅ ተቀምጦ ስለ ጣና ምን ያውቃል እንዳትይ፤ ባሕር ዳር በሥራ ቆይቻለሁ፣ ደሴቶቹንም ተሳልሜያለሁ። እንዳንቺ ላሰቡ ሌሎች ልጆቻችንም ይሆናል ብዬ በተራ ጽፌዋለሁ።

፩. ቀብዱን አትላኪ።

በአገራችን መሬት አይሸጥም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። በስልክሽ የምታያቸው የሌላ አገር ደሴቶች የሚሸጡት እዚያ መሬቱ የግለሰብ ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ ደሴት ቀርቶ የአንዲት ጎጆ መቆሚያ አይሸጥም። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ቤት እንዲያፈሩ የሚፈቅድ አዋጅ ወጥቷል፤ እሱም ቢሆን የመሬት ሽያጭን አልፈቀደም።

ያው አንቀጽ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ የሠራው ቤት የራሱ ነው ይላል፤ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል። ደላላ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። «መሬቱን አይደለም፣ ቤቱን ነው የምትገዢው» ይልሻል። እንዲህ ያለ ውል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ሉክ፤ ከላይ የሻጭና የገዥ ስም፤ መሐል «አንድ ክፍል የጭቃ ቤት» የሚል ቃልና አምስት የጭቃ ቤት የሚያሠራ ዋጋ፤ ከግርጌው በሌላ እስክሪብቶ የተጨመረ «ከነግቢው»፤ ከዚያ የምስክሮች የአውራ ጣት አሻራ በሐምራዊ ቀለም። ዳኛው ዋጋውን ከቤቱ ጋር አስተያይቶ የተሸጠው መሬት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ውሉ ፈራሽ ነው ይባላል፤ ሻጭ ገንዘቡን ይመልስ፣ ገዥ ቦታውን ይልቀቅ ተብሎ ይወሰናል። ያን ጊዜ ሻጩ ገንዘቡን በልቶታል። ፍርዱን ይዘው፣ የሚያስፈጽሙበት ንብረት አጥተው፣ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ያለቀሱ ሴቶች አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ እንዳንቺ ዓረብ አገር ለፍተው የመጡ ነበሩ።

፪. ደሴቱ የማን እንደሆነ ጠይቂ።

የጣና ደሴቶች ባለቤት አጥተው የተቀመጡ አይደሉም። ዳጋ እስጢፋኖስ የገዳም ነው፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዐፄ ፋሲለደስና ሌሎችም ነገሥታት ዐፅማቸው ያረፈበት። ዳጋም ክብራን ገብርኤልም ሴት አይገባባቸውም፤ የክብራን ጎረቤት እንጦስ ደግሞ የእናቶች ገዳም ናት። ጣና ቂርቆስም እንዲሁ ገዳም ነው። እነዚህ ቦታዎች ጸጥታቸውን የጠበቁት በጸሎትና በሥርዓት ነው፤ እዚያ ቤት እንሸጥልሽ የሚል ካጋጠመሽ ወሬውን አትጨርሺለት።

ደቅ ትልቁ ደሴት ነው፤ ገበሬዎች ይኖሩበታል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ነው። የገበሬው ይዞታ በአረንጓዴው ደብተር የተመዘገበ የገጠር መሬት ነው። ደብተሩ ለገበሬው የመጠቀም መብት ይሰጠዋል፤ የመሸጥ መብት ግን አይሰጠውም። ዘጌን ብትመኚ ደግሞ ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ በእግርም በመኪናም ትደርሺበታለሽ፤ ሆኖም በበሬ አይታረስበትም። ከአባቶች የመጣ ሥርዓት ነው፤ የቡናው ደን እስከ ዛሬ የቆየውም በዚሁ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ሥርዓቱን ተቀብሎ ይገባል።

፫. በሕግ የሚያስኬደውን መንገድ ያዢ።

ደሴት ላይ መኖር ካማረሽ ቤት ተከራዪ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክረምቱንም ጭምር፣ ኑሪበት። ጥር ላይ ለሦስት ቀን የሄደ ሰው ደሴቱን አየሁ ማለት አይችልም። ከገበሬ መሬት መከራየትም ይቻላል፤ ዘመኑ በክልሉ ሕግ የተገደበ ነው፣ ውሉም በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብልሽ። «በስጦታ እናዙረው» የሚሉሽን አትስሚ። ስጦታ ተቀባዩ በግብርና የሚተዳደር ወይም ሊተዳደር የተነሣ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ገንዘብ ተቀብሎ ስጦታ ነው ማለት ደግሞ ያው የተከለከለው ሽያጭ ነው።

በገንዘብሽ የራስሽ የሆነ ቤት ከፈለግሽ ካርታ ያለው ቤት ከተማ ውስጥ ፈልጊ። ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ሳትርቂ ትኖሪያለሽ፤ ደሴቱን በፈለግሽ ቀን በጀልባ ትሄጂበታለሽ። እኔን ብትጠይቂኝ ምርጫዬ ይኸው ነው። ያኔም ቢሆን የመንደር ውል አትፈርሚ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ በቁጥር 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል፤ ዛሬ ይህን የሚሠራው ውልና ማስረጃ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤቱ ይረጋገጥልሽ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱም ፊርማ ይኑር፤ ባል ብቻውን የሸጠው የጋራ ቤት ስንት ሰው አፋጅቷል። ቀብድ ከሰጠሽ በጽሑፍ ይሁን። አንቺ ብትተዪው ቀብድሽን ታጫለሽ፣ ሻጩ ቢተወው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

፬. ውክልናሽን አጥብቢው።

ለወንድምሽ «በስሜ ማንኛውንም ነገር» የሚል ውክልና ልትልኪ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አታድርጊው። ወንድምሽን ጠርጥሬ አይደለም፤ ሰፊ ሥልጣን ደግ ሰውንም ይፈትናል። የቱን ቤት፣ በስንት ብር፣ በማን ስም እንደሚገዛ ተለይቶ ይጻፍ፤ በጅዳው ቆንስላ ተረጋግጦ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይታይ። ገንዘቡን ከስምሽ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ አስተላልፊ። በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም።

፭. ውኃው ራሱ ሕግ አለው።

ጣና መስከረም ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል። ግንቦት ላይ የታየ ዳርቻ መስከረም ላይ ከውኃ በታች ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለወራት ቆሞ ነበር፤ ገበሬውም የሸሸውን ውኃ ተከትሎ የተገለጠውን ደለል ዘራበት። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ መውጫው ላይ የጨረጨራ በር አለ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የጣና በለስ ዋሻ ውኃ ይወስዳል፤ ስለዚህ የዳርቻው ልክ በዝናብ ብቻ አይወሰንም። «እስከ ውኃው ድረስ» የሚል ወሰን ያለበትን ወረቀት ወሰን የለውም ብለሽ ቁጠሪው። እምቦጩም አለ፤ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ጀምሮ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል በርትቶ ጀልባና መረብ አግዷል።

ጀልባ የሚነሣው ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ይከብዳል። የአገሩ ሰው የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ መልስ ዳርቻ ላይ ተገልብጦ ይደርቃል፤ እንደዚያም ተጠብቆ ዕድሜው አጭር ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ሲሚንቶሽም፣ ቆርቆሮሽም፣ ሚስማርሽም በጀልባ ነው የሚሻገረው። ከመርከቢያው እስከ ግቢሽ ያለውን የሸክም ዋጋ ባሕር ዳር ላይ የነገሩሽ ዋጋ ውስጥ አታገኚውም። ጸጥታው በደፈረሰበት ጊዜ ደግሞ መንገዱም ጀልባውም ይቋረጣል፤ በክልላችን ያሳለፍናቸው ዓመታት ይህን አሳይተውናል።

፮. በሌሊት ብትታመሚ ማን ያሻግርሻል?

አብዝቼ የማስበው ይህን ነው። የአምደወርቅ ልጅ ነሽ፤ ዙሪያችን ገደልና ሸለቆ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሲሞላ እኛም ከሰው ተለይተን እንቀመጣለን። ወላድ ምጥ ሲጠናባት ቃሬዛው እንዴት እንደሚወጣ አይተሽ አድገሻል። ሁለት እንጨት ላይ ጋቢ ይጠመጠማል፤ አራት ሰው ይሸከማል፣ አራት ሰው ከኋላ ይከተላል፣ በየዳገቱ ትከሻ ይቀያየራል፤ አንድ ሽማግሌ ፋኖስ ወይም ባትሪ ይዞ ይቀድማል። መኪና እስኪገኝና ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ ያችን ሴት የሚያቆያት የጎረቤቶቿ ትከሻ ነው። እነዚያ ሰዎች የመጡት አባቷ ለአባቶቻቸው ስለተሸከመ፣ እናቷ ለእናቶቻቸው ገንፎ ስላገነፋች ነው። አንቺ ደቅ ላይ ማን ስለሆንሽ ይነሡልሻል? ገንዘብ የጀልባ ናፍጣ ይገዛል፤ በእኩለ ሌሊት ነፋስ ውስጥ ሞተር የሚያስነሣልሽ ግን የሚያውቅሽ ሰው ነው።

በሽታውንም እወቂው። እኛ ደገኞች ወባን አልለመድንም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ከፍታ ወጥቶ በአገሪቱ ወደ 150 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። ዛሬ መድኃኒትም አጎበርም አለ፤ ያለ አጎበር ግን አንዲት ሌሊት አትደሪ። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያም አለና ልብስ ለማጠብ ብለሽ በባዶ እግርሽ ውኃው ውስጥ አትቁሚ።

፯. ከቤቱ በፊት እድሩን።

እኛ ቅሬ የምንለውን የደቅ ሰዎች እድር ይሉታል። በተከራየሽበት ዓመት ከእድሩ ግቢ፣ ሰንበቴ ጠጪ፣ ለቅሶ ድረሺ። ዝምታ ፈልጌ መጣሁ ብለሽ በርሽን ብትዘጊ ደሴት ላይ ያለ ሰው ይፈራሻል፤ ምን ሸሽታ ነው ይላል። ብቻውን ተከብሮ የሚኖረው መናኝ ነው፤ እሱንም የሚመግበው መንደሩ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ዕረፍት እንጂ ምናኔ አይደለም፤ ዕረፍት ደግሞ የሚገኘው ሰላምታሽን የሚመልስ ሰው ባለበት ነው። የተከራየሽባቸው ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ «ከእኛ ጋር ቆዪ» ካሉሽ በውሉ ላይ ዓመት ጨምሪ። ዝም ካሉሽ መልሱን አግኝተሻል፤ ሳትቀየሚ ውጪ።

፰. ተከዜን አትመኚው።

ወንድምሽ «ለምን ሩቅ ትሄዳለች፣ የእኛም አገር ሐይቅ አለው» ማለቱን ሰማሁ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር የሚቆመው የተከዜ ግድብ የቆላውን ዋግ ውኃ እንዳለበሰው፣ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ልጆቻችን ዓሣ እንደሚያሰግሩበት እውነት ነው። ነገር ግን ውኃው ለኤሌክትሪክ ሲለቀቅና ሲጠራቀም በብዙ ሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል። ለዓሣ አስጋሪ ድንኳን ይሆናል፤ ለቤት አይሆንም።

፱. የእናትሽን ደብተር አውጪ።

አንቺ በማታውቂው ደሴት ላይ በማትይዢው መሬት ስትጨነቂ፣ እናትሽ አምደወርቅ ላይ በአረንጓዴው ደብተር የተመዘገበ ይዞታ አላት። ባሕር ዛፉ ከጥጉ፣ ጊደሯ ከደጁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በስምሽ የሚጠራሽ። ይዞታውን ትቶ ለዓመታት የጠፋ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ ወራሽ ሆኖ መቅረብም ሥርዓት አለው። እናትሽ በሕይወት እያለች ደብተሩ ላይ የማን የማን ስም እንደሰፈረ፣ ፎቶው የማን እንደሆነ፣ ወሰንተኞቹ እነማን ተብለው እንደተጻፉ ማየት አለብሽ። እዚያ ላይ የምትሠሪው ቤት በሕግ የአንቺ ይሆን ዘንድ ምን እንደሚጎድል ጽሕፈት ቤቱ ይነግረናል። ደቅን ተዪው አላልሁም፤ ይህን ሳታጣሪ ግን ወደዚያ አትሂጂ።

ከጥምቀት በኋላ ለመምጣት ካሰብሽ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪኝ። ደላላው የላከልሽን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ አሁኑኑ ላኪልኝ፤ የሻጩን ስምና የቀበሌውን ማኅተም በደንብ እንዲያሳይ አድርጊ። ስትመጪ መጀመሪያ ከእናትሽ ጋር ሆነን መሬት አስተዳደር እንሄዳለን፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር አብሬሽ እወርዳለሁ፣ ደቅንም በማለዳው ጀልባ ተሻግረን እናየዋለን።