ከጡረታ በኋላ ሸክላ

ጥያቄ፦ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ መካነ ሰላም እኖራለሁ። ሸክላ መሥራት መማር እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ጥሩ አስበዋል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ የአገራችን ሸክላ የሚሠራው በእጅ ነው። ገበያ ወጥተው እንስራና ጀበና የሚሸጡ ባለሙያ እናቶችን በክፍያ እንዲያስተምሩዎት ይጠይቁ። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ይቀላቅሉበት፤ አየር እንዳይቀርበት በደንብ ይሹት። መጀመሪያ ትንሽ የዕጣን ማጨሻ ይሞክሩ። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ እርጥበት ይዞ እሳት ከገባ ይፈነዳል። በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ በጋውን ይምረጡ።

ሸክላ ሠሪዎችና ሌሎች ባለእጆች ሲናቁ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን ዛሬም አልጠፋም። እርስዎ ከሸክላ ሠሪዋ ጎን ተቀምጠው ሲማሩ፣ ለራስዎ ደስታ ለሙያዋም ክብር ይሆናል።