ቡድን እንደገና ሲሠራ፤ የማርሻል ዩኒቨርሲቲ የ1971 የውድድር ዓመት

በተማሪ ቤት ውስጥ ያለ ማኅበር ሁሉ፣ የኳስ ቡድንም ይሁን የክርክር ክበብ፣ የቴአትርም ይሁን የመጽሔት ክፍል፣ የማያመልጠው አንድ ዕጣ አለው፤ ሰዎቹ ይመረቃሉ። ሥራውን የለመደው ይሄዳል፣ ያልለመደው ይተካል። አንዳንድ ዓመት የሚሄዱት ጥቂቶች ስለሆኑ ጉድለቱ ሳይታወቅ ያልፋል። አንዳንድ ዓመት ግን ነባሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣና ቡድኑ በፍሬሽማን ይሞላል። ያን ጊዜ ውጤት ይበላሻል፤ ተመልካች ይቀንሳል፤ «እንዲህ ከሆነስ ቢቀር ምን አለበት?» የሚል ድምፅም መሰማት ይጀምራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በጀማሪዎች የተሞላ ቡድን የሚያሳልፈውን ደካማ ዓመት በምን ሚዛን እንመዝነው? በድልና በሽንፈት ቁጥር ብቻ ነውን? ወይስ ሌላ መመዘኛ አለ? በዚህ ጉዳይ በደረቁ ከምንከራከር፣ በእርግጥ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ይዘን ብንመረምር ይሻላል። የመረጥሁትም በአሜሪካ የማርሻል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1971 ያሳለፈውን የውድድር ዓመት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል

አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ተይዞም ይሮጣል። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለት ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለተቃራኒው ወገን ያስረክባል። ኳሱን እስከ መጨረሻው ክልል ያደረሰ ቡድን 6 ነጥብ ይቈጠርለታል። የማጥቃቱን ጨዋታ የሚመራው ሰው ኳርተርባክ ይባላል።

ተከላካዮቹ ኳስ የያዘውን ሰው ይዘው መሬት ላይ ለመጣል ስለሚታገሉ፣ በዚህ ጨዋታ የሰውነት ክብደትና ብስለት ትልቅ ዋጋ አለው። የ18 ዓመት ልጅን በ22 ዓመት ጎልማሳ ፊት ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። በዚያን ዘመን በኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ደንብ መሠረት ፍሬሽማኖች በዋናው ቡድን አይሰለፉም ነበር፤ የሚጫወቱት ለብቻቸው በተቋቋመ የፍሬሽማን ቡድን ነበር። ይህን ደንብ አንባቢ ልብ ይበል፤ በታሪካችን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣልና።

2. ቡድኑ እንዴት ባዶ ሆነ?

ማርሻል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሀንቲንግተን ከተማ ነው። በኖቬምበር 14 ቀን 1970 ቡድኑ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሄዶ ከኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ገጠመና 17 ለ14 ተሸነፈ። በዚያው ምሽት በተከራየው አይሮፕላን ሲመለስ፣ አይሮፕላኑ በዝናብና በጭጋግ ውስጥ ማረፊያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከኰረብታ ላይ ዛፎች ጋር ተጋጭቶ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት 75 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከነዚህ ውስጥ 37ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ዋናው አሠልጣኝ ሪክ ቶሊና ሌሎች አሠልጣኞች፣ ቡድኑን ተከትለው የሄዱ የከተማው ደጋፊዎችና የአይሮፕላኑ ሠራተኞችም አብረው ሞቱ።

የተረፉት በአይሮፕላኑ ያልተሳፈሩት ብቻ ናቸው። እነርሱም በሕመምና በስብራት የቀሩ ጥቂት ተጫዋቾች፣ አዲስ ተጫዋች ፍለጋ በመኪና የሄደው ረዳት አሠልጣኝ ሬድ ዶውሰንና ጥቂት ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም የፍሬሽማን ቡድን ልጆች ነበሩ። ፍሬሽማኖቹን ያተረፋቸው ከዚህ በላይ የጠቀስነው ደንብ ነው። ከዋናው ቡድን ጋር እንዳይሰለፉ ስለ ተከለከሉ ከዋናው ቡድን ጋር አልተጓዙም።

ከአደጋው በኋላ ቡድኑ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚል ክርክር ተነሣ። ይቅር የሚሉት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ልንል አንችልም። ኀዘኑ ገና ትኩስ ነበር። ተጫዋች የለም፤ አሠልጣኝ የለም። በዚያም ላይ ቡድኑ ከአደጋው በፊት እንኳ ጠንካራ አልነበረም፤ ከድሉ ብዛት ሽንፈቱ ያነሰበት የመጨረሻ ዓመት 1964 ነበር፤ ከዚያም በኋላ 27 ግጥሚያ በተከታታይ ሳያሸንፍ ቈይቶ ያ ሰንሰለት የተበጠሰው በ1969 ነው። ሆኖም በተጠባባቂ ፕሬዚዳንቱ በዶናልድ ዴድመን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ቡድኑ እንዲቀጥል ቈረጠ።

3. ባዶው ቦታ በማን ተሞላ?

መጀመሪያ አሠልጣኝ መፈለግ ነበረበት። ሥራውን የተቀበለ አንድ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በማርች 1971 በኦሃዮ ግዛት የዉስተር ኮሌጅ አሠልጣኝ የነበረው ጃክ ሌንግየል ተቀጠረ። ሬድ ዶውሰንም ኀዘኑን ይዞ፣ አንድ ዓመት ብቻ ሊረዳ ተስማማ፤ ዓመቱም ሲፈጸም ከአሠልጣኝነት ተሰናበተ።

ቀጥሎ የተጫዋቾቹ ጉዳይ መጣ። ከዋናው ቡድን የተረፉት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ያለፈው ዓመት ፍሬሽማኖች ሁለተኛ ዓመት ስለ ገቡ መሰለፍ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቍጥራቸው አይበቃም። ያለ ስፖርት እርዳታ ገንዘብ፣ በፈቃዳቸው የመጡ ተማሪዎችም ተጨመሩ። ይህም ሁሉ ሆኖ አልሞላም። ስለዚህ ማርሻል፣ የዚያን ዓመት ፍሬሽማኖች በዋናው ቡድን እንዲያሰልፍ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ያተረፈው ደንብ አሁን ለተከታዮቻቸው ተነሣ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1972፣ ማኅበሩ ደንቡን ለኮሌጆች ሁሉ ለወጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተጫዋቾችን በሚመለምልበት ጊዜ ደንብ ተላልፎ በመገኘቱ ከነበረበት የኮሌጆች ኅብረት ታግዶ ነበር። በ1971 ግን የሚያስፈልገውን ነገር በግልጽ ጠይቆ በግልጽ አገኘ። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ለእኛም ትምህርት ነው።

የቡድኑ መጠሪያ ከዱሮ ጀምሮ «ነጐድጓዳማው መንጋ» ነበር። በዚያን ዓመት ግን «ወጣቱ ነጐድጓዳማ መንጋ» ተባለ።

4. ደካማው ወገን የሚጫወትበት ዘዴ

ሌንግየል መጀመሪያ ያሰበው አሰላለፍ ለልጆቹ እንዳልተስማማ ባየ ጊዜ ሌላ ፈለገ። ያገኘውም «ቪየር» የሚባለውን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቢል ዮማን የተባለው አሠልጣኝ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ያስፋፋውን ዘዴ ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረው ቦቢ ባውደን የቡድኑን ፊልምና የጨዋታ ደብተር ለማርሻል አሠልጣኞች ከፍቶ አስጠናቸው።

ዘዴው እንዲህ ነው። በተለመደው አጨዋወት አጥቂዎቹ ከፊታቸው ያለውን ተከላካይ ሁሉ ገፍተው ለሯጩ መንገድ መክፈት አለባቸው። ጉልበት የሌለው ቡድን ይህን ማድረግ አይሆንለትም። በቪየር ግን አንድ ተከላካይ ሆን ተብሎ ሳይነካ ይተዋል። ኳርተርባኩ ኳሱን በአጠገቡ በሚያልፈው ሯጭ ሆድ ላይ አድርጎ፣ ያን ያልተነካ ተከላካይ በዓይኑ ይከታተላል። ተከላካዩ ወደ ሯጩ ከሄደ ኳሱን ይነጥቅና ራሱ ወደ ዳር ይሮጣል፤ ተከላካዩ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ወይም ወደ ኳርተርባኩ ከመጣ ኳሱን ለሯጩ ይለቅለታል። ወደ ዳር ሲሮጥ ሌላ ተከላካይ ቢጠብቀውም እንደዚሁ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ይዞ ይገባል፣ ወይ ከጐኑ ለሚሮጠው ጓደኛው ይወረውርለታል።

ስሌቱ ግልጽ ነው። ያልተነካው ተከላካይ የመረጠው ሁሉ ስሕተት ይሆንበታል። እርሱን ይገፋ የነበረው ልጅም ነፃ ስለሚሆን፣ ሁለት ልጆች ተባብረው አንዱን ጎልማሳ መግፋት ይችላሉ። በጉልበት የማይገኘው በቍጥርና በዓይን ይገኛል። በእርግጥ ዘዴው ያለ ዋጋ አይደለም። የሦስቱ ልጆች እርምጃ በቅጽበት ካልተገጣጠመ ኳሱ ይወድቃል። ስለዚህ ልምምዱ ብዙ ነው፤ ሲጀመርም ስሕተቱ ብዙ ነው።

5. 10ሩ ግጥሚያዎች

በሴፕቴምበር 18 ቀን 1971 ወደ ሞርሄድ ስቴት ሄደው 29 ለ6 ተሸነፉ። በሳምንቱ፣ በሴፕቴምበር 25 ቀን፣ በሀንቲንግተን ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ከዣቪየር ዩኒቨርሲቲ ጋር አደረጉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል 13 ለ9 ይመሩ ነበር። በመጨረሻዋ ሙከራ ኳርተርባኩ ሬጂ ኦሊቨር ለቴሪ ጋርድነር ወረወረለት፤ ጋርድነርም ተቀብሎ 13 ያርድ ያህል ሮጦ አገባት። ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ ውጤቱ 15 ለ13 ሆነ። ኦሊቨር ባለፈው ዓመት በፍሬሽማን ቡድን ውስጥ ስለ ነበረ ከአይሮፕላኑ ከቀሩት ልጆች አንዱ ነው።

በ2006 «ዊ አር ማርሻል» በሚል ስም የተሠራው ፊልም ትልቅ ቦታ የሰጠው ይህን ድል ነው። እኛ ግን ትምህርት ፍለጋ ስለ መጣን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ያለውንም መመልከት ይገባናል። በሳምንቱ የኦሃዮው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ 66 ለ6 ረታቸው። ከዚያ በኋላም ሽንፈት በሽንፈት ላይ ተደረበ፤ ምንም ነጥብ ሳያገኙ የወጡበትም ቀን ነበር። በኦክቶበር 30 ቀን ቦውሊንግ ግሪንን 12 ለ10 አሸነፉ። ሁለተኛውና የመጨረሻው ድላቸው ይህ ነው። ዓመቱ በ2 ድልና በ8 ሽንፈት ተዘጋ።

6. ሒሳቡ ሲተሳሰብ

«ጀማሪዎቹ አንድ ዓመት ይሸነፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያሸንፋሉ» የሚለውን የተለመደ ማጽናኛ ይህ ታሪክ አይደግፈውም። በ1972 ውጤቱ እንደገና 2 ድልና 8 ሽንፈት ሆነ። ሌንግየል በ4 ዓመት ውስጥ 9 ጊዜ አሸንፎ 33 ጊዜ ተሸንፎ ከ1974 የውድድር ዓመት በኋላ ተሰናበተ። ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት ዓመት የመጣው ገና በ1984 ነው። ከዚያ ግን ዛፉ አፈራ። በ1992 ማርሻል ያንግስታውን ስቴትን 31 ለ28 ረትቶ በነበረበት ደረጃ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 ደግሞ 15 ጊዜ ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ምሳሌው የሚሄደውን ያመሰግናል እንጂ የታቀፈችውን ዶሮ አያነሣም። የ1971 ልጆች የታቀፉት ናቸው። የዋንጫው ቀን ሲደርስ እነርሱ የ40 ዓመት ሰዎች ሆነው ነበር። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለሟቾቹ መታሰቢያ የተሠራ የውኃ ፏፏቴ አለ፤ በየዓመቱ ኖቬምበር 14 ቀን በሥነ ሥርዓት ይዘጋና በጸደይ ይከፈታል። የ1971 ቡድን ባይሰለፍ ኖሮ ከሟቾቹ የቀረው መታሰቢያ ይህ ብቻ በሆነ ነበር። ልጆቹ ግን ሟቾቹ ያቋረጡትን ጨዋታ ቀጠሉት።

ሆኖም አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለአንድ ከተማ ኀዘን መጽናኛ ይሆኑ ዘንድ 18 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ለ66 ነጥብ ሽንፈት ማሰለፍ ተገቢ ነውን? በእኔ አስተያየት መልሱ የሚወሰነው ልጆቹ የሚጠብቃቸውን አውቀው በመግባታቸው ነው። ድል የተስፋ ቃል ተሰጥቶት የገባ ጀማሪ ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ተታለልሁ ብሎ ይወጣል። የሚሠራው መሠረት መሆኑ አስቀድሞ የተነገረው ግን የሚቈጥረው ሌላ ነገር አለው።

7. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚከተሉትን 4 ነጥቦች ማውጣት የሚቻል ይመስለኛል።

ሀ. ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደምንቈጥር እንወስን። ስንት ጀማሪ እስከ መጨረሻው ጸና? ስንቱ ሥራውን ተማረ? በቀጠሮው ቀን ቡድኑ ሳይጐድል ተሰልፏልን? ጀማሪ ቡድን ከውጤቱ ሰሌዳ ይልቅ በነዚህ መልሶች ይመዘናል።

ለ. ዘዴውን ለሰዎቹ እናስማማ እንጂ ሰዎቹን ለዘዴው አናስገድድ። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የሠሩበት ዕቅድ የተሠራው በእነርሱ ጉልበት ልክ ነው።

ሐ. ጎረቤትን መጠየቅ ውርደት አይደለም። ደንብ የማያፈናፍን ሲሆንም ይለወጥልን ብሎ መጠየቅ በጓሮ ከመዝለል ይሻላል።

መ. ተመራቂው ደብተሩን ትቶ ይሂድ። ማርሻል በጐረቤቱ ደብተርና ፊልም መማር የቻለው የተጻፈና የተቀረጸ ነገር ስለ ነበረ ነው። በእኛ ማኅበራት ግን ብዙ ጊዜ እውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይመረቃል። በየኃላፊነቱ ሥር አንድ ፍሬሽማን ቢመደብ፣ በዓመቱም መጨረሻ የተሠራውና የተሳሳተው በግልጽ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ተከታዩ ከባዶ አይጀምርም።

እንግዲህ በመጪው ዓመት ከኰሚቴዎቻችን አንዱ በጀማሪ ተሞልቶ ሲንገዳገድ ብናይ፣ ይበተን ከማለታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እናቅርብ። ልጆቹ እውነቱ ተነግሯቸዋልን? ደብተሩስ ተሰጥቷቸዋልን? ሁለቱ ካልተደረጉ ጥፋቱ የጀማሪዎቹ ሳይሆን የእኛ የነባሮቹ ነው።