በእንግዶች ማደሪያ የቀረው ቁስለኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በስደት አገር የምትኖሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፤

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ አስተምሮናል። ወንበዴዎች ደብድበው በሞትና በሕይወት መካከል የጣሉትን ሰው፣ ሳምራዊው ቁስሉን አሰረለት፤ በእንስሳው ጭኖም ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እንጨርሰዋለን። ሳምራዊው ግን በማግሥቱ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ አለው፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ቁስሉ ስለታሰረ ብቻ "ድኗል" ብሎ አልተወውም።

ይህን ያነሣነው ጭንቅላታቸው ላይ ጽኑ ጉዳት ስለደረሰባቸው ወገኖቻችን ነው። መስኮት ሲያጸዱ ከመሰላል የወደቁ፣ በግንባታ ሥራ የተጎዱ፣ መኪና የገጫቸው፣ የተደበደቡም አሉ። አንዲት እኅታችን ስፌቷ ተፈትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁላችንም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳንሽ" አልናት። እርሷ ግን የተነገራትን ትረሳለች፤ ጥቂት ሠርታ ትደክማለች፤ ከበሮ ሲመታ ራሷን ይዛ ትወጣለች፤ በትንሽ ነገር ትቆጣለች። ቀስ በቀስ "ሰነፈች፣ ጠባይዋ ተበላሸ" ተባለች። በመጨረሻም መምጣቷን ተወች። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የአንጎል ጉዳት ከውጭ አይታይም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ መርሳት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ብርሃንና ጩኸት አለመቻል፣ ንዴትና ትካዜ ከጉዳቱ የሚመጡ ናቸው እንጂ የጠባይ ክፋት አይደሉም። ፈጣኑ ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በዝግታ መሻሻል ይቻላል። አንዳንዱ ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል፤ እንደ ድሮው አለመሆን የእምነት ጉድለት አይደለም።

የተጎዳችሁ ሆይ፣

1ኛ. ዕረፉ። "ቤተሰብ ብር ይጠብቃል" ብላችሁ ሐኪም ሳይፈቅድ ወደ መሰላል አትመለሱ። ሁለተኛ ምት ከፊተኛው ሊከፋ ይችላል። መጠጥም አትቅመሱ።

2ኛ. ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ይህን ታሪክ የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የታዘዘላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ድንገት ማቋረጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

3ኛ. ስለ ጾምና ስግደት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም።

4ኛ. ቀጠሮና መድኃኒት በደብተር ጻፉ፤ የስልክ ማንቂያ ሙሉ። የሐኪም ወረቀቶቻችሁን አስቀምጡ፤ አገር ቤት ስትገቡም ያስፈልጓችኋል።

ጤነኞች የሆንን ደግሞ የማደሪያው ጠባቂዎች እኛ ነን። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ፤ ቋንቋ ለማይችሉት እናስተርጉም። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ቦታ እንስጣቸው። ደጋግመው ሲጠይቁን ሳንሰለች እንመልስ። በወር አንድ ጊዜ መጠየቅ ሳይሆን በየሳምንቱ እንደውል።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ቢሆን ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ለመንቃት ካቃተው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም ከአፍንጫውና ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፣ "ይተኛና ይሻለዋል" አትበሉ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

ያቺን እኅታችንን ፈልገን ሄደናል። ዛሬ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታስቀድሳለች፤ ሲደክማት ትወጣለች፤ ማንም "ለምን?" አይላትም። እናንተም በአካባቢያችሁ የቀረውን ሰው ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።

ልዑል እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረትን፣ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።