ንግሥቱን ሰጥቶ ያሸነፈው ተጫዋች

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት ስለ ቼዝ ነው። የክፍል ለክፍል ውድድሩ እየደረሰ ስለሆነ ጊዜው ጥሩ ነው ብዬ አስባለሁ።

በእረፍት ሰዓት ቼዝ የሚጫወቱ ልጆችን ቆማችሁ ካያችሁ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም። ብዙዎቹ ጨዋታው ገና ሲጀመር ንግሥቷን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ። ግንቦቹና ቢሾፖቹ እዚያው በተደረደሩበት ይቀራሉ። ንግሥቷ ከተበላች ደግሞ «በቃ አለቀ!» ተብሎ ሰሌዳው ይታጠፋል። እውነት ግን ያኔ ያልቃል? ታሪኩን ተከተሉና ራሳችሁ ፍረዱ።

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር የተደረገው በ1851 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ለንደን ከተማ ነው። 16 ተጫዋቾች ተካፈሉ። ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነበር። ያሸነፈው አዶልፍ አንደርሰን የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ መምህር ነው። (የሒሳብ መምህሮቻችን ደስ ይበላችሁ!)

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ በአሜሪካ ኒውዮርክ ከተማ እንደዚሁ 16 ተጫዋቾች ተወዳደሩ። ያሸነፈው ፖል ሞርፊ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ነው። የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። ሕግ ተምሮ ጨርሷል፤ ነገር ግን በጥብቅና ለመሥራት ዕድሜው ገና አልደረሰም ነበር። በ1858 ወደ አውሮፓ ተሻገረና በዓመቱ መጨረሻ ፓሪስ ላይ ያንን የለንደኑን አሸናፊ አንደርሰንን ገጠመው። 7 አሸንፎ፣ 2 ተሸንፎ፣ 2 አቻ ወጣ።

ዛሬ የማሳያችሁ ጨዋታ በዚያው ዓመት እዚያው ፓሪስ የተደረገ ነው። ውድድር ላይ ሳይሆን ኦፔራ ቤት ውስጥ ነው የተጫወቱት! ሞርፊን የገጠሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የብሩንስዊክ መስፍን ካርልና ካውንት ኢዙዋር። ሁለቱ እየተመካከሩ በጥቁር፣ ሞርፊ ብቻውን በነጭ ተጫወቱ። ጨዋታው በ17 እርምጃ አለቀ።

ሰሌዳ ያላችሁ ደርድሩና ተከተሉኝ። ከነጭ በኩል ስናይ ከግራ ወደ ቀኝ ያሉት ዓምዶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ። ከነጭ ወደ ጥቁር ደግሞ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። ስለዚህ ኢ4 ማለት በኢ ዓምድ ላይ አራተኛዋ ቤት ናት።

1. ነጭ ወታደር ኢ4፤ ጥቁር ወታደር ኢ5።
2. ነጭ ፈረስ ኤፍ3፤ ጥቁር ወታደር ዲ6።
3. ነጭ ወታደር ዲ4፤ ጥቁር ቢሾፕ ጂ4።
4. ነጭ በዲ4ቱ ወታደር ኢ5ን በላ፤ ጥቁር በቢሾፑ ኤፍ3 ላይ ያለውን ፈረስ በላ።
5. ነጭ በንግሥቱ ቢሾፑን በላ፤ ጥቁር በዲ6ቱ ወታደር ኢ5ን በላ።

እስካሁን ሁለቱም እኩል በልተዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥቁር አውጥቶት የነበረው አንድ ቢሾፕ ተበልቶ ሄደ። የነጭ ንግሥት ደግሞ ስትበላ ወጣች። ጥቁር አንድም የወጣ መኮንን የለውም፤ ሜዳ ላይ ያሉት ወታደሮቹ ብቻ ናቸው።

6. ነጭ ቢሾፕ ሲ4፤ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6።
7. ነጭ ንግሥት ቢ3፤ ጥቁር ንግሥት ኢ7።

ስድስተኛው ላይ ነጭ ኤፍ7ን በልቶ ቼክ ሜት ሊያደርግ ነበር፤ ፈረሱ መንገዱን ዘጋበት። ሰባተኛው ላይ ግን ንግሥቷ በአንድ ጊዜ ኤፍ7ንም ቢ7ንም አየች። ጥቁር ኤፍ7ን ለመጠበቅ ንግሥቱን ኢ7 ላይ አስቀመጠ። እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል፤ ከኋላዋ ያለው ቢሾፕ መውጫ አጣ። ቢሾፑ ካልወጣ ንጉሡም በዚያ በኩል ካስሊንግ ማድረግ አይችልም።

8. ነጭ ፈረስ ሲ3፤ ጥቁር ወታደር ሲ6።

ሞርፊ ቢ7 ላይ ያለውን ወታደር መብላት ይችል ነበር። አልበላም። ከአንድ ወታደር ይልቅ ሌላ ጠጠር ማውጣት መረጠ። ከጨዋታው ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይቺን እርምጃ ነው።

9. ነጭ ቢሾፕ ጂ5፤ ጥቁር ወታደር ቢ5።

አሁን እንቁጠር። ነጭ ንግሥት፣ ሁለት ቢሾፕና አንድ ፈረስ አውጥቷል፤ አራት። ጥቁር ንግሥትና አንድ ፈረስ፤ ሁለት ብቻ። ጥቁር ግን ጠጠር ማውጣቱን ትቶ በወታደር ቢሾፑን ሊያባርር ሞከረ።

10. ነጭ በፈረሱ ቢ5ን በላ፤ ጥቁር በሲ6ቱ ወታደር ፈረሱን በላ።
11. ነጭ በሲ4ቱ ቢሾፕ ቢ5ን በላ፣ ቼክ፤ ጥቁር የቢ8ቱን ፈረስ ዲ7 ላይ ጋረደ።
12. ነጭ በንግሥት በኩል ካስሊንግ አደረገ፤ ጥቁር ግንብ ዲ8።
13. ነጭ በግንቡ ዲ7ን በላ፤ ጥቁር በግንቡ መልሶ በላ።
14. ነጭ ሁለተኛውን ግንብ ዲ1 አመጣ፤ ጥቁር ንግሥት ኢ6።

ነጭ ፈረስ ሰጠ፣ ግንብ ሰጠ። ለምን? ዲ7 ላይ ጥቁር መንቀሳቀስ እንዳይችል ስለያዘው ነው። በአንድ እርምጃ ካስሊንግ አድርጎ ንጉሡንም አስጠለለ፣ ግንቡንም ወደ ውጊያው አስገባ። አንዱ ግንብ ሲበላ ተቀምጦ የነበረው ሌላው ግንብ ተተካ። አሁን ነጭ ጋ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንድም መኮንን የለም።

15. ነጭ በቢሾፑ ዲ7ን በላ፣ ቼክ፤ ጥቁር በፈረሱ ቢሾፑን በላ።
16. ነጭ ንግሥት ቢ8፣ ቼክ! ጥቁር በፈረሱ ንግሥቷን በላ፤ ሌላ ምርጫ የለውም።
17. ነጭ ግንብ ዲ8፣ ቼክ ሜት!

በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ምን ቀረ? ጥቁር ንግሥት፣ ግንብ፣ ቢሾፕና ፈረስ አለው። ነጭ ያለው አንድ ግንብና አንድ ቢሾፕ ብቻ። ያሸነፈው ግን ነጭ ነው! ጥቁር ኤች8 ላይ ያለውን ግንብና ኤፍ8 ላይ ያለውን ቢሾፕ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜም አላንቀሳቀሳቸውም። አሉ ይባላሉ እንጂ አልተዋጉም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እንዲህ ነው።

እንዳትሳሳቱ ታዲያ! ንግሥታችሁን ዝም ብላችሁ ስጡ ማለቴ አይደለም። ሞርፊ የሰጠው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ አይቶ ነው። እኔ የምለው፣ ንግሥቷ ስትበላ ሰሌዳውን ከማጠፋችሁ በፊት የቀሩትን ቁጠሩ። ስንቶቹ ወጥተዋል? ስንቶቹስ ተቀምጠዋል?

ይህ ነገር ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በየፊናቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። በዚያ ላይ በንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝ የሚሄደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን በአንድ ጠጠር ተማምነው ሊጫወቱ አይችሉም ነበር፤ ሁሉንም ማሰለፍ ነበረባቸው።

ከመሰነባበታችን በፊት ለስፖርት ክበብና ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለንደን ላይ በ1851 የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ስለነበር ኪዘሪትስኪ የሚባል በጣም ጎበዝ ተጫዋች ገና በመጀመሪያው ዙር አንደርሰን ደረሰበትና ወደቀ። እዚያው ለንደን በ1862 በተደረገው ውድድር ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫወተ፤ ያኔም ያሸነፈው አንደርሰን ነው። ይህ ማለት ጎበዙ እንደሆነ ያሸንፋል፤ ሌሎቹ ግን ብዙ ተጫውተው ይማራሉ። የኛም ውድድር ጥሎ ማለፍ ከሚሆን በምድብ ቢሆንስ? የ5ኛ ክፍል ልጅ በዕጣ የ8ኛ ክፍል ጎበዝ ደርሶበት በአንድ ቀን ከሚሰናበት፣ ተሸንፎም ቢሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢጫወት ይሻለዋል። ተቀምጦ የሚቀር ጠጠር እንደማይጠቅም ሁሉ፣ ተቀምጦ የሚያይ ልጅም ቼዝ አይለምድም።

የእትሙ ጥያቄ፦ 16ኛው እርምጃ ላይ ጥቁር ንጉሥ ወደ ኢ7 መሸሽ ያልቻለው ለምንድን ነው? መልሳችሁን ከነስማችሁና ክፍላችሁ ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን!